ስሟን ከገበያ ያገኘች ከተማ

በኢንዶኔዢያ በባሊ ደሴት ስለምትገኘው ስለ ዴንፓሳር ያጠናሁትን በአጭሩ ላስረዳችሁ እወዳለሁ። «ዴን» ሰሜን፥ «ፓሳር» ገበያ ማለት ስለሆነ፥ የስሟ ትርጓሜ «ከገበያው በስተሰሜን» ነው። ዛሬም የባዱንግና የኩምባሳሪ ገበያዎች በወንዝ ግራና ቀኝ ትይዩ ቆመዋል፤ በመጀመሪያው አትክልት፥ ቅመማ ቅመምና ለአማልክት የሚቀርብ አበባ፥ በሁለተኛው ጨርቃ ጨርቅና የእጅ ሥራ ይሸጣል። የባዱንግ ገበያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ቢቃጠልም፥ እንደገና ተሠርቶ በ2019 ተከፍቷል።

ከገበያው በስተምሥራቅ የፑፑታን አደባባይ አለ። በ1906 የሆላንድ ጦር በመጣ ጊዜ፥ የባዱንግ ንጉሥ ከነቤተ ሰቡና ከነተከታዮቹ ነጭ ለብሶ ወጣና እጅ ከመስጠት ሞትን መረጠ፤ አደባባዩ የዚህ መታሰቢያ ነው። በአጠገቡም የባሊ ሙዚየምና የጃጋትናታ ቤተ መቅደስ ይገኛሉ። ስለዚህ ጎብኚ ገበያውን ብቻ አይቶ ባይመለስ መልካም ይመስለኛል፤ በገበያው የሕዝቡን ኑሮ፥ በአደባባዩ ግን የነጻነትን ዋጋ ይማራልና።