የኮምፒውተር ሰዓት ሲዛነፍ፦ የስሕተቱ መጠን ምን ይነግረናል?

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ ማስተካከል ሲሳነው ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው አልደረሰም ወይም አልፏል ተብሎ ገጾቹ አልከፈት ይላሉ፤ የቤተ ሙከራ መዝገባችንም ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል። መፍትሔ ከመፈለጋችን በፊት ስሕተቱን እንለካ፤ መጠኑ መንስኤውን ይጠቁመናልና።

ሰዓቱ ልክ 3 ሰዓት ከቀደመ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዊንዶውስም ተጭኖ እንደሆነ እንመልከት። ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የአገሩን ሰዓት ይመዘግባል፤ ሊኑክስ ግን ያንኑ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት አንብቦ የኢትዮጵያን 3 ሰዓት ይጨምርበታል። ሁለቱም ዓለም አቀፉን ሰዓት እንዲጠቀሙ ማድረግ ይገባል።

ቀኑ በዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስኬደው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ደክሟል ማለት ነው።

ስሕተቱ ቀስ በቀስ የሚያድግ ከሆነ ነገሩ የፊዚክስ ነው። የኮምፒውተር ሰዓት በኳርትዝ ክሪስታል ርግብግቢት ይመራል። ክሪስታሉ ከሚሊዮን 20 እጅ ቢስት ሰዓቱ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር 52 ሰከንድ ያህል ይዛነፋል። ይህን ማረም የማመሳሰያው አገልግሎት ሥራ ነው። «ታይምዴትሲቲኤል» የተባለው ትእዛዝ አገልግሎቱ መሥራቱንና ሰዓቱ መመሳሰሉን ለየብቻ ያሳየናል። አገልግሎቱ ቆሞ ከሆነ እናስነሣው፤ እየሠራ ሰዓቱ ካልተመሳሰለ ግን የዩዲፒ ፖርት 123 በፋየርዎል አለመዘጋቱን እናጣራ።

ሰዓቱን በእጃችን ከማስተካከላችን በፊት ልዩነቱን እንመዝግብ፤ አንዴ ከታረመ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።