ስንዴ፣ ዩሪያና አጭር ክረምት



በዋግ ኽምራና በምሥራቅ ትግራይ ክረምቱ አጭር ነው፤ አብዛኛው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእንዲህ ያለ ምድር «ማዳበሪያ በበዛ ቁጥር ምርት ይበዛል» የሚለው አሳብ ገበሬውን ለዕዳ ይዳርጋል።

ከዩሪያ መቶ እጅ 46ቱ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ቅጠልን ያፋፋል፤ የፋፋ ቅጠል ደግሞ ብዙ ውኃ ይጠጣል። የአፈሩ እርጥበት ቀድሞ ካለቀ፣ ዛላው ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ስንዴው ይጠማል፤ ገለባው በዝቶ ፍሬው ይጨማደዳል። በአፈር ሳይሸፈን የቀረ ዩሪያም በጤዛ ቀልጦ ከፊሉ በንኖ ይጠፋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንመክራለን።

1. አስቀድሞ ውኃው ይያዝ፤ ማሳው ተዳፋቱን አቋርጦ ይታረስ፤ እርከኑም ይጠገን።

2. ዩሪያው ተከፍሎ ይሰጥ፤ ጥቂቱ በዘር ጊዜ፣ የቀረው ስንዴው ከሥሩ የጎን ቡቃያ ሲያወጣና አፈሩ ሲረጥብ።

3. ዝናቡ ከተቋረጠ ቀሪው አይበተን፤ በደረቅ ስፍራ ተከድኖ ለመጪው ዓመት ይቀመጥ።

ካህናት ከቅዳሴ በኋላ ይህን ለምእመናን እንዲያስታውሱ፣ ኮሚቴዎችም ከመበተኑ በፊት የማሳውን እርጥበት ከገበሬው ጋር ቆፍረው እንዲያዩ በትሕትና እንጠይቃለን። ዝናቡን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ የወረደውን መያዝ ግን የእኛ ድርሻ ነው።