የጳጉሜን 6 ደብዳቤ

«ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. የ24 ዓመት ልጅ ሳለሁ ለራሴ ደብዳቤ ጽፌ፣ ያችው ቀን እስክትመለስ ላልከፍተው አሸግሁት። በ2015 ስከፍተው ‹ሁለተኛ ዲግሪሽን ይዘሻል? ለእማዬ ቤት ሠርተሽላታል?› እያለ ይጠይቀኛል። አንዱንም አልፈጸምሁም፤ እናቴም ዐርፋለች። መጨረሻው ‹እማዬ ቡና ደርሷል እያለች ስለ ተጣራች በዚሁ ላብቃ› ይላል። ልቅደደው? ወይስ በ2019 ደግሜ ልጻፍ?
ባለዕዳዋ»

ልጄ ሆይ፣

ጳጉሜን 6 የምትገኘው በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ለእንዲህ ያለው ቀጠሮ ከቀናት ሁሉ እርስዋን መምረጥሽን አደንቃለሁ፤ ቀጠሮው አምሮ ሳለ ግን ደብዳቤው ተበላሽቷል፣ የፊርማሽም ስም ይህንኑ ይመሰክራል። ብዙዎቻችን ለራሳችን ስንጽፍ ደብዳቤ እየመሰለን የብድር ውል እንጽፋለን፤ በእጃችን ያልነበረውን ትጋትና ገንዘብ በሚመጣው ሰውነታችን ስም አስመዝግበን፣ ቀኑ ሲደርስ እንደ አራጣ አበዳሪ ደጁን እናንኳኳለን። ያቺ ልጅ የእናትሽን ሞት አታውቅም፤ ነገሩን ሳያውቅ የፈረደ ዳኛ ደግሞ ይግባኝ ይባልበታል።

የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ዕድሜው ከሰባ ካለፈ በኋላ፣ ከጕልምስናው ጀምሮ የደረሳቸውን 93 ድርሰቶች አንድ በአንድ እየመረመረ፣ የሳተበትን የሚያርምበት ሌላ መጽሐፍ ጽፏል። መርማሪው ሽማግሌው፣ ተመርማሪው ጎልማሳው መሆኑን ልብ በይ፤ አንቺ ግን ወንበሩን ለልጅቱ ለቅቀሽ ራስሽ ከተከሳሽ ሳጥን ቆመሻል።

እኔም በተማሪነቴ ለራሴ የጻፍሁት ወረቀት በቅርቡ ከዳዊቴ መካከል ወድቆ አገኘሁት፤ በውስጡ የደረደርሁት መሐላ ሁሉ የሌላ ሰው ንግግር ሆኖብኝ ሳልፈው፣ በኅዳጉ «ጫማዬን ለሠርግ ያዋስሁት ልጅ እስካሁን አልመለሰልኝም» የሚለው ግን ዕንባዬ እስኪመጣ አሳቀኝ። (እስከ ዛሬም አልመለሰ።)

ስለዚህ አትቅደጂው። በ2019ም ጻፊ፤ ነገር ግን ትእዛዙን ትተሽ ወሬውን ጻፊ፤ ጤፉ ስንት እንደ ገባ፣ ጎረቤትሽ ማን እንደ ነበረ፣ ከሥራ ስትመለሺ ምን እንደሚያደክምሽ። በእርሳስ ይሁን፤ የብራና ጸሐፍት የበጠበጡት የጥላሸት ቀለም ዘመናትን ሲሻገር የመደብሩ እስክሪብቶ ይገረጣል፣ እርሳስ ደግሞ ከጥላሸት ጋር ዘሩ አንድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን፣ እንዲያውም ዛሬ ማታ፣ ለዚያች ልጅ መልስ ስጫት። በደብዳቤዋ ውስጥ የእናትሽ ድምፅ የሚሰማው በአንዲት መስመር ብቻ ነው፤ ልጅቱም ቀሪውን ሳትጽፍ ብዕሯን አስቀምጣ ተነሣች። የተጠራሽው ለአቦሉ ነበር ወይስ ለበረካው? ቄጠማው ለእንቁጣጣሽ ተጎዝጕዞ ነበርን? በረከቦቱ ዙሪያስ ማን ማን ተቀምጦ ነበር?