ገብስ ለጥበቃው ምን ይከፍላል?

አዝመራው እሸት ሲይዝ ከቤተሰቡ አንዱ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ ወፍና ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል። ያን ቀን አያርምም፣ እንጨት አይለቅምም፤ ጉልበቱ በጥበቃ አልቋል። ተክልም እንደዚሁ ነው። ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን የሚያገኘው ምግብ ልክ አለው። ሥር የሚሰደው፣ ፍሬ የሚሞላው፣ በሽታ የሚመከተውም ከዚያችው ነው።

ስለዚህ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ማውጣት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ከባዱ፣ በሽታው ባልመጣበት ዓመትም ያው ዝርያ ጎተራ እንዲሞላ ማድረግ ነው። ዘር ሲመርጥ ገበሬ አስቀድሞ የሚያየው ምርቱን ነውና።

ለዚህ ከአገራችን ገብስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1937 እና 38 እ.ኤ.አ. ከጀርመን የመጡ ዘር ሰብሳቢዎች ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ማሳ ገብስ ወሰዱ። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ፣ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለው የፈንገስ በሽታ የማይደፍራቸው ሆነው ተገኙ። በ1942 ደግሞ እዚያው ጀርመን ተመራማሪዎች የገብስ ዘር በኤክስሬይ መትተው ያንኑ ባሕርይ ያለው ተክል አገኙ። በኋላ ሲመረመር፣ ተፈጥሮም ኤክስሬይም የነኩት አንድ ዘረመል ነበር፤ ኤምኤልኦ ይባላል።

ገብሶቹን ያዳናቸው አዲስ ያገኙት መሣሪያ አልነበረም። ያዳናቸው የዚህ ዘረመል ሥራ መጉደሉ ነው። ኤምኤልኦ የተክሉን መከላከያ በልጓም ይዞ የሚያቆይ ሲሆን፣ ፈንገሱ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ብናኙ ቅጠል ላይ ያርፍና ይበቅላል፤ ከዚያ መርፌ የመሰለ ጫፍ አውጥቶ የሕዋሱን ግድግዳ ይወጋል። ልጓሙ በተፈታበት ገብስ ግን ሕዋሱ ልክ በሚወጋበት ነጥብ ላይ ከውስጥ ጉብ ያለ ልጥፍ ይለጥፋል። መርፌው እዚያ ላይ ይቀራል፤ ፈንገሱም የሚበላው አጥቶ ይሞታል።

ይህ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት ጸንቷል፤ በሰብል ዓለም ብርቅ ነው። አብዛኛው መከላከያ የሚሠራው ጠላቱን በመልኩ ለይቶ ስለሆነ፣ መልኩን የለወጠ ጠላት ሲመጣ ይከሽፋል። ዲገሉ የተባለውን ስንዴ በ2013 እ.ኤ.አ. በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ የጨረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ነገር ግን የተፈታ ልጓም ጠላት በሌለበትም ይሠራል። ዱቄት ያልነካው ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ እነዚህ ያለ ምክንያት የሞቱ ሕዋሳት ናቸው። ቅጠሉም ቶሎ ያረጃል። ፍሬውን በዋናነት የሚመግቡት ከዛላው በታች ያሉት የላይኞቹ ቅጠሎች በመሆናቸው፣ እዚያ ላይ የጠፋ አረንጓዴ በቀጥታ ከፍሬው ይቀነሳል። ይባስ ብሎ፣ ይህ ዘረመል የጎደለው ገብስ ለአንዳንድ ሌሎች ፈንገሶች ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ከኢትዮጵያ የሄደው ዘር ለአውሮፓ ገበሬ በዝርያ መልክ የደረሰው በ1979 ነው፤ አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። አዳቃዮቹ ኤምኤልኦን ራሱን አልነኩትም፤ የለወጡት ሌሎቹን ዘረመሎች ነው። ገብሱን ከሌላ ገብስ ጋር እየደጋገሙ አዳቀሉ፣ ልጆቹን በመደብ በመደብ ዘሩ፣ ከዚያ ቅጠል እያገላበጡ ነጠብጣቡ የደበዘዘውን፣ ፍሬው የሞላውን ብቻ ለቀጣዩ ዓመት አስቀሩ። መከላከያው ሳይላላ ዋጋው ረከሰ። እኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ትዕግሥት የታየው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ከብርዱ ወራት በኋላ ከሚዘሩት ገብሶች ብዙዎቹ ይህንኑ የኢትዮጵያ ውርስ ይዘዋል።

ስንዴ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ የዳቦ ስንዴ ዘረመሉን በሦስት ጥንድ ይይዛልና ሦስቱም መጥፋት አለባቸው። የቻይና ተመራማሪዎች በ2014 ዘረመል በማረም ዘዴ ሦስቱንም አጠፉ። ስንዴው ከዱቄቱ በሽታ ዳነ፣ ዕድገቱ ግን ተጎዳ። ካረሟቸው ተክሎች አንዱ ብቻ በቁመትም በምርትም ካልታረመው ስንዴ አላነሰም። ምክንያቱን ፈልገው በ2022 ይፋ አደረጉ። በዚያ ተክል የማረሚያው መቀስ ኤምኤልኦን ብቻ አልነበረም የቆረጠው፤ ሰፊ ቁራጭ አብሮ ወድቆ፣ አጠገቡ ያለ ሌላ ዘረመል ከወትሮው በርትቶ እንዲሠራ አድርጎታል። የጎደለውን ዕድገት የሞላው ያ ጎረቤት ነው። ከዚያ በኋላ ያንኑ ሰፊ ቁርጥ ሆን ብለው በሌሎች የስንዴ ዝርያዎች ላይ ደገሙት።