ሃይብሪድ አውሮፕላን የሚያተርፈውን ነዳጅ ስለ መገመት

ነዳጅንና ኤሌክትሪክን አጣምሮ የሚበር አዲስ የአውሮፕላን ንድፍ በቀረበ ቁጥር ያተርፋል የተባለው የነዳጅ መጠን ከሁሉ አስቀድሞ ስለሚነገር፣ ቃሉን ከመቀበል በፊት በሚከተለው ሥርዐት መመርመር የመሐንዲሱም የገንዘብ አውጪውም ግዴታ ነው።

1ኛ፤ ማነጻጸሪያውን በርትዕ መምረጥ። አዲሱ ንድፍ ካረጀ አውሮፕላን ጋር ቢመዘን፣ ኤሌክትሪኩ ያላመጣው የክንፍና የተርባይን መሻሻል ሁሉ በእርሱ ስም ይቆጠራልና፣ በአንድ ዘመን ዕውቀት የታነጸ፣ እኩል ጭነት እኩል ርቀት የሚያደርስ ባለነዳጅ አውሮፕላን በአንጻሩ ይቁም። ለአብነት፣ አማካይ ክብደቱ 20,000 ኪሎ ግራም ሆኖ በአንድ አጭር ጉዞ 1,000 ኪሎ ግራም ነዳጅ የሚፈጅ ባለፕሮፔለር እንውሰድ።

2ኛ፤ ባትሪውን በነዳጅ መመንዘር። አንድ ኪሎ ግራም የጄት ነዳጅ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ሲይዝ፣ ተርባይኑ 30 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ 3.6 ይገኛል። በኪሎ 0.2 የሚይዝ 500 ኪሎ ግራም ባትሪ ግን 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ይዞ፣ 80 በመቶው ብቻ ቢወጣና ከዚያም አንድ ዐሥረኛው በመቆጣጠሪያ፣ በሽቦና በሞተር ቢባክን 72 ይተርፋል፤ ይህም የ20 ኪሎ ግራም ነዳጅ ሥራ ነው።

3ኛ፤ ክብደቱን እስከ ፍጻሜው መከተል። በባትሪው ላይ ሞተር፣ ሽቦና ማቀዝቀዣ ሌላ 500 ቢጨምሩ፣ ይህን ይሸከሙ ዘንድ ክንፉና የማረፊያ እግሩ ስለሚጠነክሩ ጭማሪው 1,500፣ ማለትም 7.5 በመቶ ይደርሳል እንበል፤ ፍጆታውም በዚያው መጠን ገደማ ያድጋል። ነዳጅ እየነደደ ይቀልላል፤ ባትሪ ግን እንደ ከበደ ያርፋል።

4ኛ፤ መደመር። ንድፉ የተርባይኑን ፍጆታ በ8 በመቶ የሚቀንስ ቢሆን 1,000ው 920 ይሆናል፤ ክብደቱ ወደ 989 ይመልሰዋል፤ የባትሪው 20 ሲነሣለት 969 ይቀራል። 8 የተባለው ትርፍ 3.1 ሆነ ማለት ነው።

5ኛ፤ ግምቱን መፈተን። የባትሪውን አቅምና የክብደቱን ጭማሪ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ስሌቱን መድገም፣ ከምድር የተሞላውንም ኤሌክትሪክ በተለየ ዓምድ መመዝገብ ይገባል። የአሜሪካው ናሳ በጅራቱ ላይ የኤሌክትሪክ ፋን ላለው ስታርክ-ኤቢኤል ንድፍ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ7 እስከ 12 በመቶ ቁጠባ ገምቶ ሳለ፣ ዳግመኛ ሲመረመር ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርዷል። በሺህ በሚቆጠሩ በረራዎች ሲባዛ 3 በመቶም ታላቅ በረከት ስለሆነ፣ ገማቹ ያገኘውን ቁጥር ሳያገንን ከነመነሻ ግምቶቹ ይጻፍ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መርማሪ ሊያርመው የሚችለው እንደዚህ የተጻፈውን ብቻ ነውና።