የሠለጠነ ወጣት የት ይረስ?



በቂርቆስና በካዛንቺስ ሊስትሮ የሚሠሩትን፣ ብሎኬትና አሸዋ የሚሸከሙትን፣ ሎተሪ የሚያዞሩትን ወጣቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። ለምን መጡ ሲባል የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ግብርናን ንቀው፣ ሙያውንም ሳይማሩ» የሚል ነው። ይህ መልስ እውነቱን በሙሉ እንዳልያዘ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። (በነገራችን ላይ በከተማችን «ገበሬ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ሲነገር እየሰማን፣ ግብርናን ናቁ ብለን የገጠሩን ልጆች መውቀሳችን ያስገርማል።)

ለወጣት ግብርናን ማስተማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአምቦ፣ የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋሙ ናቸው። ትምህርቱ ወደ ቀበሌ የወረደው ግን በአብዛኛው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። በ25 ኮሌጆች ከ60 ሺህ የሚበልጡ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሠለጠኑ፤ በየቀበሌውም የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲሠራ ታቀደ። ዕቅዱ ለእያንዳንዱ ማዕከል ሦስት ባለሙያ መደበ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት።

የሚሰጠው ትምህርት ጠቃሚ አይደለም የሚል ካለ ጤፍን ይመልከት። ጤፍ በእጅ ሲበተን ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይፈጃል። በመስመር ሲዘራ ግን 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ቡቃያው ተራርቆ ስለሚያድግ ብርሃን ያገኛል፣ አገዳው ይጠነክራል፣ ቶሎ አይጋሽብም፤ አረሙንም መንቀል ይቀላል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያም በብዙ ገበሬ ማሳ ገብቷል። እርግጥ በመስመር መዝራት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበት ደግሞ ያለው ወጣቱ ዘንድ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ለዚህ የአርሲን ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ «ካዱ» እየተባለ ይጠራ የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። የተሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ትምህርት በአንድነት አቀረበ፤ ምርትም አደገ። ይሁን እንጂ አራሹ ጭሰኛ ነበር፤ መሬቱ የሌላ ሰው ነበር። እርሻው ማትረፍ ሲጀምር ባለ መሬቱ ጭሰኛውን አስነሥቶ በትራክተር አረሰው። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ ለተማረው ሰው ግን ከመሬቱ መነሣትን አስከተለበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ዛሬ ባለ መሬት መጥቶ የሚያስነሣው ሰው የለም። የዛሬው ወጣት ችግር ሌላ ነው፤ መጀመሪያውኑ የሚነሣበት መሬት የለውም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት ገበሬ መሬት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። የሚከፋፈል ትርፍ መሬት ግን ከየት ይምጣ? በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ወደ ሠላሳ ዓመቱ ተጠግቷል፤ ምናልባትም የልጆች አባት ሆኗል። አባቱ ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ይዞ ለአራት ልጆች ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በሬ እንኳ በወጉ የማይዞርበት ጥማድ ነው። ይህን ልጅ የመስመር አዘራር አስተምሮ ወደ ቤት መስደድ ዋና ሳያስተምሩ ጀልባ ከመስጠት የተለየ አይደለም ቢባል፣ ነገሩን ገልብጠን እንበለው፤ ዋና አስተምሮ ውኃ መንሣት ነው።

በእኛ አሳብ የወጣት ሥልጠና ሁሉ ሲጀመር «የት ይሠራበታል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መሬት ለሌለው ወጣት ሰፊ ማሳ የማይፈልግ ሥራ አለ። ንብ ማነብ አንዱ ነው። በባለ ፍሬሙ ቀፎ ማሩ በመሣሪያ ተሽከርክሮ ሲወጣ እንጀራው ስለማይፈርስ፣ ንቧ እንደገና ሰም ለመሥራት የምታጠፋው ማር ይተርፋል። (ለጧፍ የሚሆነውን ሰም አብልጦ የሚሰጠው ግን የባህሉ ቀፎ ነው፤ ይህንም አንርሳ።) በትግራይና በአማራ ክልል ተራቁተው የነበሩ ተራሮች ከከብት ተከልለው ካገገሙ በኋላ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በማኅበር የተሰጡበት ቦታ አለ። ቀፎ የሚሰቀለው፣ የከብት መኖ የሚታጨደው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

ከአገራችን ውጭም ምሳሌ አለ። በቤኒን ፖርቶ ኖቮ ከተማ አባ ጎድፍሬይ ንዛሙጆ የተባሉ ካህን በ1985 እ.ኤ.አ. በአንድ ሄክታር ላይ «ሶንጋይ» የተባለውን ማሠልጠኛ ጀመሩ። የእንስሳቱ ፍግ ለአትክልቱና ለነዳጅ ጋዝ፣ የሰብሉ ተረፈ ምርት ለእንስሳቱ ይውላል፤ ወጣቶቹም የሚማሩት እዚያው እየሠሩ ነው።

በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚህ ጉዳይ እንወያያለን። ከዚያ በፊት እያንዳንዳችን በሠፈራችን ከገጠር ከመጡት ወጣቶች አንዱን እናነጋግር። በቀበሌው ሥልጠና ወስዶ እንደሆነ፣ የአባቱ መሬት ስንት ጥማድ እንደሆነና ለስንት እንደሚካፈል ጠይቀን፣ ስሙን ሳንጽፍ መልሱን ብቻ በወረቀት ይዘን እንምጣ።