ስለ ሴት አያት ተዝካር

ጥያቄ፦ ያሳደጉኝ ሴት አያቴ ካረፉ 40 ቀን ሊሞላቸው ነው። ለተዝካር ድግስ ዐቅሜ አልፈቀደም፤ ሳልደግስ ብቀር በደልኋቸው ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ ሆይ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሙታን በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ ኋላም በመንፈቅና በሙት ዓመት መታሰባቸው ስለ ጸሎተ ፍትሐት፣ ስለ ቅዳሴና ስለ ምጽዋት ነው እንጂ፣ ጎረቤት ስለሚያማው ወይም ስለሚያመሰግነው ግብዣ አይደለም። የእርሻ በሬ ሸጦ፣ ብድር ገብቶ መደገስን እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ልጆቹን አስርቦ የሚበላ ተዝካር ለሟች ነፍስ ምን ይረባታል?

ይልቁንስ አስቀድመሽ የክርስትና ስማቸውን ከነፍስ አባታቸው ጠይቂ፤ ካህኑ በጸሎት የሚያነሣቸው ወለተ ማርያም ወይም አመተ ሚካኤል ብሎ እንጂ መንደሩ በሚያውቃቸው ስም አይደለምና። ብዙ የልጅ ልጆች ያሳደጓቸውን አያት የክርስትና ስም ሳያውቁ ይቀብሯቸዋል፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል። ከዚያም ለቅዳሴው ጧፍ፣ ዕጣንና መገበሪያ ይዘሽ ሂጂ፤ የሚተርፍሽ ስንዴ ካለ ንፍሮ ቀቅለሽ፣ በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን በገዛ እጅሽ ዝገኚላቸው።

መታሰቢያቸው በአንድ ቀን እንዳይቀር፣ እስከ 80ኛው ቀን ድረስም በሕይወት ካሉት እኩዮቻቸው ዘንድ እየሄድሽ፣ እስከ ሰባት ቤት ዘራቸውን አስቈጥረሽ፣ የተወለዱበትን ደብርና የተዳሩበትን ዘመን በደብተር ጻፊ።